ታስሮ አልቆም ያለ ፈረስ፦ 1 ጥያቄ፣ 27 መልስ

ነገሩ በኢንተርኔት ላይ የተነሳ ውይይት ነው። ጠያቂዋ የ5 ዓመት የተኮላሸ ፈረስ አላት። ሲጋልቡት ጨዋ ነው። በገመድ ሲመሩት ይከተላል፣ ኮርቻም አይጠላም። መከራው የሚመጣው ሲታሰር ነው። ትንሽ ይቆይና መሬት መጫር ይጀምራል። ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ያሽካካል። ከዚያ የፊት እግሮቹን ተክሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ኋላ ይሳባል። ወይ ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ልባብ። ሁለት ልባብ እንዲህ አልቋል። የጻፈችው ግን ፈረሱን እንዴት ልግራው ብላ አይደለም። ገመድ እንደሚበጠስ ስላወቀ ነው የሚያስቸግረኝ፣ አንድ ቀን የማይበጠስ ከገጠመው ይተዋል የሚል እምነት አላት። ስለዚህ የጠየቀችው የትኛው ገመድ እንደሚጠነክር ነው።

ሰው የተጠየቀውን መመለስ ይወዳል። መልስ 1 ገመድ መረጠላት። ወፍራም የጥጥ ገመድ ይሻላል፣ ናይለኑ ሲሾልክ መዳፍ ይልጣል አለ። ልክ ነው። መልስ 2 ተስማማና ወደ ምሰሶው አለፈ። ገመዱ ምንም ቢጠነክር የታሰረበት ነገር ከላላ ከንቱ ነው። በደንብ የተቀበረ ምሰሶ ወይም ጤነኛ ዛፍ እንጂ የአጥር አግዳሚ፣ የበር እጀታ ወይም መኪና አይሆንም። ለዚህም ታሪክ አለው። አንድ የሚያውቀው ሰው ፈረሱን ከአጥር አግዳሚ ላይ አሰረ። ፈረሱ ሲደነብር አግዳሚው ተነቅሎ አብሮት ሄደ። እንጨቱ ከኋላ እየተጎተተ እግሩን ይመታዋል፣ በተመታ ቁጥር ይሮጣል፣ በሮጠ ቁጥር ይመታዋል። መጨረሻው ምን እንደሆነ አልጻፈም። ብዙዎቻችን ማወቅ ፈልገን ነበር።

መልስ 3ን የጻፈችው ሴት ስለ ገመድ አንድም ቃል አላነሳችም። ፈረሱ ሳይታሰር ቆሞ ሳለ የልባቡ ገመድ በቀስታ ወደ ታች ቢሳብ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል ወይስ ያደነድናል ብላ ጠየቀች፣ በቃ። መልስ 4 የጠያቂዋ ነው። ሄዳ ሞክራዋለች። ራሱን ቀና አድርጎ ይደርቃል፤ አጥብቃ ስትስበው ደግሞ እሱም አጥብቆ ይስባል።

ለእኔ ቁም ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 5 እንደገና የዚያችው ሴት ነው፣ ከሁሉም ረጅሙ። ፈረስ በተፈጥሮው የሚጫነውን ነገር መልሶ ይገፋል። ልባቡ ማጅራቱን ሲጫነው ወደ ፊት አንድ እርምጃ ቢመጣ እንደሚቀለው ማንም ካላስተማረው ወደ ኋላ ይሳባል። ሲስብ ማጅራቱ ላይ ያለው ጫና ይብሳል፣ ሲብስበት ደግሞ የባሰ ይስባል። መያዙን ሲረዳ መማር የሚባል ነገር ያበቃል። ከ400 እስከ 500 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ነው፣ ከአደጋ የሚያመልጠው በመሮጥ ነው፣ እኛ የምናስረው ደግሞ ይህንኑ ሩጫውን ነው። ስለዚህ ማሰር የሥልጠናው መጨረሻ ነው ትላለች። ጠያቂዋ ግን መጀመሪያው አድርጋዋለች።

ከዚያ መንገዱን ዘረዘረች። በእጅ ይጀመራል። ገመዱ በቀስታ ይሳባል፤ ፈረሱ አንገቱን የጣት ያህል እንኳ ዝቅ ካደረገ ወዲያው ይለቀቃል። ትምህርቱ ያለው መልቀቁ ላይ ነው። ፈረሱ የሚይዘው ጫናው ከመቆሙ በፊት ያደረገውን ነገር ስለሆነ፣ አንድ ሰው ዘግይቶ ከለቀቀ ሳያውቀው ሌላ ነገር አስተማረው ማለት ነው። ወደ ታች ከለመደ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ቀጥሎ ገመዱ ምሰሶ ላይ አንድ ዙር ይጠመጠማል፣ አይቋጠርም፣ ጫፉ ከሰው እጅ አይወጣም። ፈረሱ ወደ ኋላ ሲል ገመዱ እየከበደው ትንሽ ትንሽ ይሾልክለታል። አልታነቀም፣ ነፃም አልወጣም። ሲረጋጋ ገመዱ ይሰበሰባል። ሰው አጠገቡ ሲያልፍ፣ ጨርቅ ሲራገፍ፣ ባልዲ ሲወድቅ መሳቡን ከተወ በኋላ ነው ቋጠሮ የሚመጣው።

ቋጠሮውም በአንድ ስበት የሚፈታ ዓይነት ይሁን፣ ጋማው ከሚያልቅበት የጀርባው ጉብታ በታችም አይውረድ አለች። ዝቅ ተደርጎ የታሰረ ፈረስ ሙሉ ጉልበቱን ለመሳብ ያገኛል። ከምሰሶው እስከ ልባቡ ያለው ገመድ የአንድ ክንድ ያህል፣ ቢበዛ ክንድ ተኩል ነው። ከዚያ ከረዘመ አንገቱን ሲያጎነብስ እግሩ ይሻገረዋል። በልጓም ማሰርማ ጨርሶ አይታሰብም። ብረቱ አፍ ውስጥ ነው፤ አንዴ ከሳበ ምላስና መንጋጋ ይቆርጣል።

መልስ 6 ላይ ነገሩ ከረረ። የጻፉት ዕድሜ ልካቸውን ፈረስ ሲገሩ የኖሩ አዛውንት ናቸው፣ ሌሎቹ ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ይህ ሁሉ ማባበል ነው፣ ፈረስ አይባበልም አሉ። የሳቸው ዘዴ ጠንካራ ልባብ፣ ወፍራም ዛፍ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ይጭራል፣ ይሳባል፣ ይጮሃል፣ ሲደክመው ይቆማል። በማግስቱ ያንሳል። ጠያቂዋን ልጄ ብለው ጀመሩና፣ ፈረሱ እሷን ገራት እንጂ እሷ ፈረሱን አልገራችውም ብለው ጨረሱ።

መልስ 7 ግማሹን ደገፈ። እሱም ያስራል፣ ግን ፈረሱ ከሠራና ላቡ ከደረቀ በኋላ ነው። ጥላ ሥር፣ ሌላ ፈረስ በሚታይበት ቦታ፣ እሱም ከዓይን ሳይርቅ። ቀኑን ሙሉም አያቆየውም። ይሄ ሰው ብዙ ላይክ አላገኘም። ማንንም ስላልተሳደበ ይመስለኛል።

መልስ 8 የእንስሳት ሐኪም ነው። ጋሼን ከልብ አክብሮ ጀመረና የሳቸውን ዘዴ አንድ በአንድ ፈታው። በሙሉ ክብደቱ የሚሳብ ፈረስ የአንገቱን ጅማትና ጡንቻ ይጎዳል። ገመዱ ድንገት ሲበጠስ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ አናቱ መሬት ከመታ የራስ ቅሉ ሥር ይሰበራል፣ ብዙ ጊዜም አይተርፍም። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ኖረም አልኖረ አሲድ ማመንጨት አያቆምም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሳይቀምስ የሚውል ፈረስ ለጨጓራ ቁስል ይጋለጣል። ራሱ ከፍ ተደርጎ ለረጅም ሰዓት ከታሰረ ደግሞ ከመተንፈሻው የሚወርደው ፈሳሽ መውጫ ያጣል፤ ሳንባው ይታመማል። ጎንበስ ብሎ መጋጡ ለዚህም ይጠቅመዋል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ማታ ላይ ጸጥ ብሎ የቆመ ፈረስ ተምሮ ሊሆን ይችላል፣ ተስፋ ቆርጦም ሊሆን ይችላል። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለዩት በሌላ ቀን አንድ ነገር ሲያስደነግጣቸው ነው። የተማረው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይመጣል፣ ሌላው እንደ መጀመሪያው ቀን ይሳባል። ሐኪሙ በመጨረሻ፣ ከዚህ በፊት በሰላም ይቆም የነበረ ፈረስ ድንገት መሳብ ከጀመረ ከሥልጠና በፊት ጥርሱ፣ ዓይኑ፣ ጀርባውና የኮርቻው የሆድ ጠፍር የሚያርፍበት ቦታ ይታይ ብሏል። ጠፍሩ ሲጠብቅ ብቻ የሚሳብ ፈረስ ብዙ ጊዜ የሚያመው ነገር አለ።

መልስ 9 የጋሼ ቁጣ ነው። በእጃቸው አንድም ፈረስ እንዳልሞተ፣ ስለ ጨጓራና ሳንባ የሚያወራው ሁሉ ፈረስ ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ጻፉ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፣ የሚችል ይምጣ ዓይነት ነገር። መልስ 10 ሊያስታርቅ ገብቶ አባባሰው። ዜኖፎን የተባለው የግሪክ ጦር አዛዥና ጸሐፊ ከ2,300 ዓመት በፊት ፈረስ በቁጣ አይቀረብም ብሎ መክሯል ብሎ አስታወሰ። እውነት ነው፣ መክሯል። ግን የተናደደ ሰው ፊት የሚጠቀስ ነገር አልነበረም። ጋሼ ጠፉ።

እኔ የጋሼን ዘዴ ውሸት ነው አልልም። ብዙ ፈረስ በዚያ መንገድ ቆሟል። ግን የሚወራልን የቆመው ነው። ያልቆመው ይሸጣል፣ ወይ ያነክሳል፣ ወይ ስሙ አይነሳም።

መልስ 11 አጭር ነው፣ ሁሉንም ጸጥ ያሰኘውም እሱ ነው። የጻፈችው ሴት አንድ ቀን ገመድ ስትቋጥር ጣቷ የገመዱ ቀለበት ውስጥ ነበር። ፈረሱ በዚያው ቅጽበት ሳበ። የጣቷ ጫፍ ዛሬ የለም። ከዚያ ወዲህ እጥፉን ገመድ በቀለበቱ ትገፋዋለች እንጂ ጣት አታስገባም፣ ገመድ መዳፏ ላይም አትጠመጥምም። ምክሯ ይኸው ነው፣ ሌላ አልጨመረችም።

ከ12 እስከ 17 ያለው የሲባጎ ጦርነት ነው። መልስ 12 ገመዱ በቀጥታ ከምሰሶው ላይ አይታሰር፣ መሃል ላይ የድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ ይግባና የመጣ ቢመጣ ሲባጎው ይበጠስ አለ። መልስ 13 ጥሩ እርማት አመጣ። ይህ ምክር የወጣው ሲባጎ ከቃጫ በሚሠራበት ዘመን ነው። አሁን ያለው የፕላስቲክ ሲባጎ ከልባቡ ሊጠነክር ይችላል፤ ካልተሰነጠቀና ካልቀጠነ ምንም አይጠቅምም። በማጅራት ላይ የሚያልፈው ጠፍሩ ከቆዳ የተሠራ ልባብ ግን በክፉ ቀን ይበጠሳል፣ ናይለኑ በቀላሉ አይበጠስም። መልስ 14 ሁለቱንም አጣጣለ፦ በተበጠሰ ቁጥር ፈረሱ መሳብ እንደሚያዋጣ ይማራል፣ ጠያቂዋም የተቸገረችው በዚሁ ነው። መልስ 15 ገመዱ ሳይቋጠር በብረት ምላስ ተይዞ ቀስ እያለ የሚሾልክበትን ቀለበት አስተዋወቀ። ፈረሱ ሲስብ ይሾልካል፣ ግን ይከብዳል። መልስ 5 በእጅ ያለችውን ነው ብረቱ የሚሠራው። ረጅም ገመድ ይፈልጋል፤ ጫፉ ላይ ቋጠሮ እንዳይኖርም ይጠነቀቋል። መልስ 16 ለምን ብረት ይገዛል፣ የመኪና ጎማ ካላመዳሪ መሃል ላይ ቢገባ እየተለጠጠ ያለማምደዋል አለ። መልስ 17 በንዴት ነው የመለሰለት። የተለጠጠ ላስቲክ ሲበጠስ ወይም መንጠቆው ሲነቀል የሚመለሰው ወደ ፈረሱ ዓይንና ወደ ሰው ፊት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። የሚበጠስ ወይስ የማይበጠስ የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም፣ ሁለቱም ወገን ልክ ስለሆነ። የሚበጠሰው መጥፎ ጠባይ ያስተምራል፣ የማይበጠሰው አጥንት ይሰብራል። ክርክሩ የሚያስፈልገው ግን መልስ 5ን ለዘለለ ሰው ነው። ጫና ሲሰማው ወደ ፊት መምጣት ለለመደ ፈረስ ማሰሪያው ለክፉ ቀን ነው፣ ለክፉ ቀን ደግሞ የሚበጠሰው ይሻላል። ገመድ የያዘው ፈረስ እንጂ የገራው ፈረስ እስካሁን አላየሁም።

መልስ 18 ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። በእጅ የሚሠራውን ይዛዋለች፤ አንገቱን መስጠት ጀምሯል፣ መሳቡም ቀንሷል። መጫሩ ግን እንደዚያው ነው። በጮኸችበት ቁጥር ለትንሽ ጊዜ ይተውና ይቀጥላል።

መልስ 19 ወዲያው ያዛት። ሲጭር ታየዋለች፣ ትጮህበታለች፣ አንዳንዴም ትመጣለች። ብቻውን የቆመ ፈረስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በጥፊ ከመጣችም ያው መጣች ነው። ሲጭር እንደሌለ ትቁጠረው፣ እግሩን መሬት አሳርፎ አንድ ትንፋሽ ሲተነፍስ ትሂድለት። የሚፈታውም ቆሞ ሳለ ነው፣ መቼም መች እየጫረ አይፈታ። መልስ 20 ጥሩ ነገር ጨመረበት። መጫር አልሠራለት ሲል መጀመሪያ ያብሰዋል እንጂ አይተወውም። ከበፊቱ አጥብቆና አስረዝሞ ይጭራል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው፤ አላስችል ብሎት ሄዶ ከፈታው ደግሞ እስከዚያ ድረስ መጫር እንዳለበት አስተማረው። መልስ 21 አሾፈ። ጉድጓድ ቆፍሮ እስኪገባበት እንጠብቅ ወይ አለ። ቀልዱ ግን ጥያቄ አለበት። የሚጭር ፈረስ የፊት ሰኮናው ጫፍ ይበላል፣ ብረት ካለውም ይላላል። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ማንጠፍ ሰኮናውን ያተርፋል፣ ጠባዩን ባይለውጥም።

መልስ 22 የጠያቂዋ ነው፣ ትንሽ ተሰላችታለች። ለካ ያልነገረችን ነገር ነበር። ፈረሱ የሚጭረው አብራው የምትውለዋ ባዝራ ከአጠገቡ ስትወሰድ ነው። ባዝራዋ ካለች ጥጉን ይዞ ያንቀላፋል። ይህን መጀመሪያ ብትነግረን ግማሹ መልስ ባልተጻፈ ነበር፣ ግን ሰው የሚጠይቀው ያስቸገረውን እንጂ ያላሰበውን አይደለም።

መልስ 23 ያችው የመልስ 3 ሴት ናት። በቃ ጉዳዩ መታሰር አይደለም፣ ብቻ መቅረት ነው አለች። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለሆኑ ከግንባሩ ፊትና ከጭራው ኋላ ካለች ትንሽ ቦታ በቀር ዙሪያውን ያያል፤ ሌላ ፈረስ አብሮት ካለ ደግሞ ጥበቃውን ይካፈላሉ። ብቻውን ሲቀር ጥበቃው ሁሉ የሱ ነው፣ የታሰረ ደግሞ መሸሽ አይችልም። ባዝራዋ ጥቂት እርምጃ ትሂድና እሱ ሳይጨነቅ ትመለስ። ርቀቱና ቆይታው ቀስ እያለ ይጨምር። ከጨነቀው ተቸኩሏል ማለት ነው፣ ወደ ቀድሞው ይመለሱ። በመረብ የተሰቀለ ድርቆሽ ይረዳዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ረስታለች፣ እኔ ልጨምርላት፦ መረቡ ሲሞላ ብቻ አይታይ። ባዶ ሲሆን ይረዝምና ወደ ታች ይወርዳል፣ የሚጭር ፈረስ ደግሞ ሰኮናውን ያስገባበታል። ከፍ ተደርጎ ይሰቀል።

ከዚያ ወሬው ሌላ መንገድ ያዘ። መልስ 24 ማንቀላፋቱን ይዞ፣ ፈረስ ቆሞ ስለሚተኛ ሌሊቱንም ታስሮ ቢያድር ምን ችግር አለው አለ። መልስ 25 ሐኪሙ ነው። ፈረስ ቆሞ ያሸልባል፤ የኋላ እግሩ የጉልበት ሎሚ ተቆልፎ ስለሚይዘው ጡንቻው ሳይደክም ይቆማል። ከባዱና ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ግን ተኝቶ እንጂ ቆሞ አይሆንም። በቀን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፣ ያቺን ግማሽ ሰዓት ግን አጭር ገመድ ይከለክለዋል። ለብዙ ቀን ከተከለከለ ቆሞ ሳለ ጉልበቱ እየከዳው ሲወድቅ ይታያል።

መልስ 26 ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሼ። ስለ ቀድሞው ጠብ ምንም አላሉም። ስለ እንቅልፉ ሐኪሙ ያለው ልክ ነው ብለው ስለ አህያ ጻፉ። አህያ ሲፈራ ከመሮጥ ይልቅ መገተር ይቀናዋል፣ ስለዚህ ታስሮ ጸጥ ያለ አህያ ሁሉ ተረጋግቷል ማለት አይደለም። ጆሮውንና አፍንጫውን ማየት ያስፈልጋል። ሐኪሙ በመልስ 8 ስለ ፈረስ ያለው ይኸው አይደል? ማንም አላነሳባቸውም፣ ደግ አደረጉ።

የመጨረሻው፣ መልስ 27፣ ሰኮና የሚከረክምና ብረት የሚመታ ባለሙያ ነው። ይህ ሁሉ ምክር ለባለቤቱ ነው፣ እሱ ግን ከፈረሱ ሆድ ሥር ነው የሚውለው። ገና በመማር ላይ ያለ ፈረስ እሱ ሲሠራ ባይታሰር ይመርጣል። ሰው ገመዱን ይያዝለት፣ የሚይዘውም እሱ ባለበት ጎን ይቁም። ፈረሱ ቢደነግጥ ያዡ ራሱን ወደዚያው ጎን ይሳበው፤ ያኔ የፈረሱ ዳሌ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፣ እሱም አይረገጥም። እባካችሁ በዚያን ሰዓት በእጃችሁ አታጉርሱት ይላል፤ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር የያዝኩት እግር ይሸሻል ነው ነገሩ።